የቋጠሩትን መፍታት

ገበያተኛ ብሩን በነጠላው ጫፍ እንደሚቋጥር፣ እኛም ቂምን «ቋጠርን» እንላለን፤ እንዳይጠፋብን። ካህኑ ደግሞ ንስሐ የገባውን «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይለዋል። አባታችን ሆይን በግእዝ ስንደግም «ኅድግ ለነ አበሳነ» የምንለውም ተውልን፣ ልቀቅልን ማለት ነው። ከጾመ ሁዳዴ በፊት ባለው ሳምንት ይህን ማሰብ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም 55 ቀን ጾሞ ቋጠሮውን ሳይፈታ ፋሲካ የሚደርስ ብዙ ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ይቅርታ «ምንም አልሆነም» ማለት ስለሚመስላቸው ነው። ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን፣ የራሱ ዕዳ ተትቶለት ባልንጀራውን ግን ስለ ዕዳ ያነቀውን የባሪያ ምሳሌ ረጋ ብሎ ማንበብ ይበጃል። ባልንጀራው ላይ የነበረው ዕዳ 100 ዲናር ነው። አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ስለነበር፣ ይህ ከሦስት ወር በላይ የጉልበት ዋጋ ነው። ጌታ ኢየሱስ ዕዳውን ትንሽ አላለውም። ባሪያው ራሱ ግን እልፍ (10,000) መክሊት ተትቶለታል፤ አንዱ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ስለሆነ ድምሩ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ነው። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው 200,000 ዓመት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ በደሉን በልኩ ጥሩት፤ ምን ተወሰደብኝ? ንብረት? ስም? እምነት? ይህን ለንስሐ አባት ሲናገሩ፣ በአጸፋው የተሳደቡትንና የረገሙትንም አብሮ መናገር ነው።

ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ወንጌሉ ላይ ተጽፏል፦ መጀመሪያ ብቻ ለብቻ፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። እኛ አገር በአብዛኛው ይገለበጣል፤ መንደሩ ከሰማ በኋላ ነው ባለቤቱ የሚሰማው። መንዝ ውስጥ ጎረቤት የገብስ ማሳውን ሲያርስ ሁለት ትልም ወሰን ገፋ እንበል። በዚያው ሳምንት ደጁ ሄዶ «ጋሼ፣ ወሰኑን አልፈውብኛል» ቢሉት ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ዝም ተብሎ ሲከርም ግን ሰንበቴ ላይ ጎን ለጎን መቀመጥ ይቀራል፣ በማኅበሩ ጽዋ መቀባበል ይቸግራል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ይገባል።

ሽምግልናው የሚበላሸው በጥድፊያ ነው። በዳዩ በድሮው ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ «ተው እንግዲህ፣ ስለ መድኃኔዓለም ብለህ» ይላሉ። ተበዳዩ ሰው ስላየው አፍሮ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፤ ድንጋዩ ይወርዳል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ምርቃት ይሆናል። ማሳው ላይ ግን የወሰኑ ድንጋይ እንደተነቀለ ነው። በሚቀጥለው እርሻ ጠቡ ብሶ ይነሣል። በወንጌል ቀራጩ ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በአፉ ይቅርታ ብቻ ስላልረካ ነው። ሽማግሌ ሆይ፣ መጀመሪያ ወሰኑን አስመልሱ፣ ከዚያ መርቁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ የምትደበደብ ሴትን «ይቅር በይና ግቢ» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ እርቅ አይደለም። ቂሟን ለእግዚአብሔር ልትተው ትችላለች፤ ዱላው መቆሙ ሳይረጋገጥ መመለስ ግን የለባትም፣ ሕግ ዘንድ መሄዷም ይቅርታዋን አያፈርሰውም።

ከታረቁ በኋላ ቅዳሜ ገበያ ሰውየውን ሲያዩ ሆድ ቢሻክር እርቁ ከሸፈ ማለት አይደለም። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ለአዲስ በደል ብቻ አይመስለኝም፤ ለአንዱ በደል 490 ጊዜ ይቅር ማለት የሚያስፈልግበት ሰው አለ። የሚረዳው በዚያች ሰዓት ስሙን ጠርቶ «ማረው» ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከልብ አይወጣም፣ ቢሆንም ይባል።

በዳዩ ሳይታረቅ ሞቶ ከሆነስ? ነገሩን ለንስሐ አባት ነግሮ፣ የሟቹን ስም ለካህኑ ሰጥቶ በጸሎት እንዲታሰብ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ የክርስትና ስሙ ያስፈልጋል። ካላወቁት ሚስቱን ወይም ልጆቹን መጠየቅ ነው፤ ለዓመታት ያልረገጡትን ደጅ አንኳኩቶ፣ «የአባታችሁን የክርስትና ስም ንገሩኝ» ብሎ።