ያቺ የመጀመሪያዋ ቁጥር

ይቺ ነገር ትዝ ባለችኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ለሕክምና መሣሪያ መስታወት ከሚመስል ፕላስቲክ፣ ከአክሪሊክ ፊልም፣ ስስ ሌንሶች እንሠራ ነበር። ጀርም ለመግደል ጋማ ጨረር ያልፍባቸዋል። ምንጩ ኮባልት 60፣ መጠኑ በጨረር መለኪያ 25 ኪሎግሬይ። ጨረር ያልነካው አክሪሊክ ከሚታየው ብርሃን 92 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል። ከጨረሩ ሲወጣ ግን ቢጫ ይሆናል፤ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጠዋል።

እኔ ፊልሙ ከጨረሩ በወጣበት ቀን ምን ያህል ብርሃን እንደሚያሳልፍ ለካሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ባልደረባዬ ያንኑ ፊልም ለካ። የእሱ ውጤት ከእኔ በጣም የተሻለ ሆነ።

ኃላፊያችን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጉ። ሰው ሁሉ ተሰብስቧል።

«መለኪያ ማሽኑን ካሊብሬት ሳታደርጊ፣ ልክነቱን ሳታረጋግጪ ነው የለካሽው» አሉኝ።

«አድርጌያለሁ፣ ዶክተር።»

«ታዲያ ፕላስቲክ ብቻውን ይድናል?»

መልስ አጣሁ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ካሊብሬሽኑን መዝግቤዋለሁ፤ ግን መዝገቡን ማን አየው? ሌሊቱን ሙሉ ያቺ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ስትጮህ አደረች።

ጠዋት መሳቢያዬን ከፈትኩ። ከዚያው ዙር የተረፈ፣ የጣት ውፍረት ያለው የሙከራ ቁራጭ ነበረኝ። መስኮት ላይ ይዤ አየሁት። ዙሪያው ጥርት ብሏል። መሃሉ ግን እንደ ማር ቢጫ ነው። ሁለቱን የሚለየው ድንበር በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል።

ለካስ ይድናል! ጨረሩ የፕላስቲኩን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ሲበጥስ ፍሪ ራዲካሎች፣ ማለትም ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያላቸው ቁርጥራጮች፣ እዚያው ውስጥ ታስረው ይቀራሉ። ከቢጫው አብዛኛውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። የአየሩ ኦክስጅን ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሰርግ ያጠፋቸዋል። ስሱ ፊልም ቶሎ ይደርሰዋል፤ ወፍራሙ ደግሞ ከጠርዝ ወደ መሃል ይጠራል። የማይለቅ ቢጫም አለ፣ ሁሉም አይመለስም። ማሞቅ ነገሩን ያፋጥነዋል፤ ግን አክሪሊክ ወደ 105 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ ሌንሱም ቅርጹን ያጣል። ስለዚህ መታገሥ ነው።

ቁራጩን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። ተቀብለው አገላበጡት። ብዙ ዝም አሉ።

«በይ ከእንግዲህ ጨረር ያለፈበትም የተለካበትም ቀን አብሮ ይጻፍ» አሉ።

ተጻፈ። ዛሬም እየተጻፈ ነው። ሰው ፊት የተናገሩኝን ግን ሰው ፊት አላረሙትም። እኔም ያቺን የመጀመሪያ ቁጥር ከመዝገቡ አልሰረዝኳትም። ልክ ነበረች።