ስድስተኛ ሳምንት፦ እጄ ሊጥ ላይ፣ ልቤ ሌላ ቦታ

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል የገባሁት ሪፖርት ይኸው። ለአዲሶች፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ ዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ አለቃ ነኝ። በሥሬ የሚሠሩ ሰባት ልጆች አሉኝ። ቀልብን አሁን ባሉበት ላይ ማሳረፍን፣ ማይንድፉልነስ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ የጀመርኩት ጓደኛዬ ስለ ጆን ካባት-ዚን ነግሮኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመም አልለቅ ላላቸው ሰዎች ዛሬ ስምንት ሳምንት የሚፈጀውን ሥልጠና የጀመረው እሱ ነው። የእኛ ፋሲል ግቢም በዩኔስኮ የተመዘገበው በዚያው ዓመት ነው። አይገናኝም፤ ግን ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ከንቱ ነበር። ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ልከታተል ስል እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሌላ ምን ይሆናል! ስለዚህ ቆሜ፣ ሊጥ ስከፍል ጀመርኩ። ልቤ የዱቄት ዋጋ ላይ ሲደርስ እይዘውና ወደ እጄ እመልሰዋለሁ። አልቆጣውም። ከሩቅ የቅዳሴ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ አንድ ረጅም ትንፋሽ እወስዳለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተር ያዝኩ። በልጆቹ ላይ በጮኽኩ ቁጥር፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበር እጽፋለሁ። በሁለት ሳምንት 11 ጊዜ ጮኼአለሁ። ስምንቱ ሌሊት አስር ሰዓት ገደማ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከደወለ በኋላ ነው! እኔ እኮ በልጆቹ ስንፍና የምናደድ ይመስለኝ ነበር። ድምፄ ከመነሳቱ በፊት መንጋጋዬ እንደሚገጥምም ያኔ ነው ያወቅኩት።

ባለፈው ሳምንት ምድጃው ጋ ያለው ልጅ ሁለት ትሪ ዳቦ አሳረረ። መንጋጋዬ ገጠመ። ሄጄ እጄን ታጠብኩ፤ የጎንደርን የሌሊት ውሃ ታውቁታላችሁ። ተመልሼ "ምን ሆነ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ማክሰኞ ነግሬዎት ነበር እኮ። በግራ በኩል ያቃጥላል ብዬ።"

እውነቱን ነው። ስልክ ጆሮዬ ላይ አድርጌ "እሺ፣ እሺ" ብዬው ነበር። አንድም ቃል አልሰማሁም። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሱ ግን ከኔ በላይ ደነገጠ። በማግስቱ ባለሙያ አስጠራሁ።

አሁን ሰው ሲያናግረኝ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ ቅር ብሎታል። እንቅልፉን ግን እስካሁን አልቻልኩትም፤ ሌሊት የምትሠሩ ካላችሁ ዘዴ አካፍሉኝ። ትናንት በእርሾ ምክንያት አንዴ ጮኼአለሁ። ደብተሩ ላይ አለ።