«ቲቸር፣ እርስዎ ለምን አይለቁም?»

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መምህር መልቀቂያ አስገባ። የምናስተምረው የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እሱ መሀል ከተማ የግል ትምህርት ቤት አግኝቷል፣ ደሞዙ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስንሰነባበት «ቲቸር፣ እርስዎ ግን ለምን አይለቁም?» አለኝ። «ጡረታዬ» አልኩት። ሳቀ። 26 ዓመቱ ነው፣ አልፈርድበትም።

ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳስበው ግን መልሴ እውነት ነበር።

ከደሞዛችን በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርበታል። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ሲሞላው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደሞዙ 30 በመቶ ዕድሜ ልኩን ይከፈለዋል። ከ10 በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይታከላል፣ ጣሪያው 70 ነው። እኔ በመንግሥት ሥራ 21 ዓመት ስላለኝ 43.75 ላይ ደርሻለሁ፣ 30 ስደፍን 55 ይሆንልኛል። 10 ያልሞላው ግን ዳረጎት፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ፣ ተሰጥቶት ነው የሚሸኘው። ለዚህ ነው ጡረታ ጀማሪውን እምብዛም የማይስበው፣ የቆየነውን ግን ጥፍር አድርጎ የሚይዘን።

ድሮ ወላጆቻችን «የመንግሥት ሥራ ያዝ» ሲሉን አንዱ ምክንያታቸው ይሄው ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ የወጣለት በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ቢበዛ ፕሮቪደንት ፈንድ (ሥራ ሲለቅ በአንዴ የሚሰጠው የቁጠባ ገንዘብ) ነበረው፣ እሱም አሠሪው ደግ ከሆነ። አሁን መዋጮው እዚያም 7 እና 11 ነው፣ የአገልግሎት ዘመኑም ከአንዱ ወደ ሌላው ይያዛል። በወረቀት ከሄድን ያ ልጅ የሚያጣው ነገር የለም።

በወረቀት። እኔም 2005 ላይ ለቅቄ አንድ የግል ትምህርት ቤት 2 ዓመት አስተምሬ ነበር። በየወሩ የጡረታ መዋጮ እየተቆረጠብኝ ፔሮል ላይ ፈርሜያለሁ። ወደ መንግሥት ስመለስ ሲጣራ ግን የአንድም ወር ገቢ አልተደረገም። ተመላልሼ ተመላልሼ ደከመኝና ተውኩት። 2 ዓመቴ፣ ማለትም 2.5 በመቶዬ፣ እንደዚያ ቀረ። የመንግሥት ሥራ ደሞዙ ቢያንስም መዋጮዬ ገባ አልገባ ብዬ ሌሊት አልነቃም። ከእኛው መሀል አንድ መምህር ሲሞት ለባለቤቱ የአበሉ ግማሽ ተቆረጠላት፣ ለልጆቹም ድርሻ አላቸው። ያን ያየ ሰው በቀላሉ አይለቅም።

ግን መንግሥትም በዚህ መተማመን የለበትም። ከ10 ዓመት በፊት የወጣ መምህር አበሉ የተሰላው በዚያን ጊዜ ደሞዝ ነው፣ ጤፍ የሚገዛው ግን በዛሬ ዋጋ ነው። አልፎ አልፎ ጭማሪ ይደረጋል፣ ኑሮው ግን ቀድሞ ይሄዳል። ጡረታ የወጡ መምህሮቻችን ሲቸገሩ ወጣቶቹ በዓይናቸው እያዩ «ጡረታ አለላችሁ» ብንላቸው ማን ይሰማናል? አበሉ ከኑሮ ጋር በየጊዜው ይስተካከል። ሂሳቡም ሰው በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት ይነገረው፤ እኔ ራሴ ያወቅኩት 2 ዓመቴ ከቀረ በኋላ ነው።

ልጁን ግን ሂድ አልኩት። የጡረታ መለያ ቁጥርህን ያዝ፣ 3 ወር ስትሠራ መዋጮህ መግባቱን ራስህ ሄደህ ጠይቅ፣ ፔሮሉን ብቻ አትመን። ቁጥሩን ስልኩ ላይ ሲመዘግብ አጠገቡ ቆሜ አየሁት።