ጋሼ በሁለት መዳፋቸው የገፉት መስታወት

መሥሪያ ቤታችን ስድስት መኪና አለው። የእነሱን ጤና የምከታተለው እኔ ነኝ። ዘይቱም፣ ጎማውም፣ ፍሬኑም፣ ቦሎውም በእኔ እጅ ያልፋል። ቀለል ያለውን ጥገና ጋራዥ ሳልልክ ራሴ እሠራለሁ። እጄን የፈታሁት በአባቴ ቮልስ ነው።

የቮልሷን የፊት መስታወት ከአባቴ ጋር ሁለት ጊዜ ቀይረናል። የቮልስ መስታወት የሚያዘው በወፍራም ጎማ ነው። ጎማውን ለመስታወቱ ታለብሰዋለህ። በጎማው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ሲባጎ ትከታለህ። የሳሙና ውሃ ትቀባዋለህ። ከዚያ አንዱ ከውጭ ሆኖ መስታወቱን በመዳፉ ሲጫን፣ ሌላው ውስጥ ተቀምጦ ሲባጎውን ይስባል። ሲባጎው በወጣ ቁጥር የጎማው ከንፈር የቆርቆሮውን ጠርዝ እየዘለለ ወደ ውስጥ ይገባል። አባቴ ከውጭ ሆኖ «ቀስ፣ ቀስ» የሚለኝ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሥራው ሲያልቅ ሞተር አስነስተህ ትሄዳለህ። የሚደርቅ ነገር ስለሌለ የምትጠብቀው ነገር የለም።

በዚህ ምክንያት የመኪና መስታወት መቀየር እችላለሁ ብዬ አምን ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አንዷን ኮሮላችንን በደብረ ብርሃን መንገድ ጠጠር መታት። ጠጠሩን ያፈናጠረው ከፊት የነበረ አይሱዙ ነው። መስታወቱ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የማታክል ኮከብ ወጣች። ሾፌራችን የዚያኑ ዕለት ነገረኝ። ያን ጊዜ ቢደረስባት ኖሮ ሬዚን በሚባል የሚጠነክር ፈሳሽ ተሞልታ ትቆም ነበር። እንዲህ ያለች ትንሽ ቁስል ከጠርዝ ራቅ ካለች፣ ቆሻሻና ውሃ ሳይገባት ከተደረሰባት ትሞላለች። እኔ ግን «ትቆይ» አልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ሾፌሩ ደብረ ብርሃን አደረ። የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ያየ ያውቀዋል። መስታወቱ ጭጋግ ለብሶ ሲያገኘው ሙቅ አየሩን በሙሉ ኃይል ለቀቀበት። ዓይኑ እያየ ስንጥቁ ከኮከቧ ተነስቶ በእሱ ፊት ለፊት አልፎ እስከ ጠርዝ ሮጠ።

መስታወቱ ግን አልረገፈም። የፊት መስታወት ሁለት መስታወት ሆኖ መሃሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ የተጣበቀበት ነው። ስብርባሪውን ይዞ የሚያስቀረው ያ ፕላስቲክ ነው። ሐሳቡ የመጣው ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ ለሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው ይባላል። አንድ ብልቃጥ ከእጁ ወድቆ ተሰነጠቀ እንጂ አልተበተነም፤ ውስጡ የደረቀ ፈሳሽ ይዞት ነበር። በፈረንጆች 1909 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በዚህ ምክንያት ሾፌራችን ፊቱ ሳይጫር አዲስ አበባ ገባ።

የቦሎ ጊዜ ደርሶ ስለነበር ቸኮልን። ከሶማሌ ተራ መስታወት ገዛን። ገጣሚ እንጥራ ወይስ እኔ ልሥራው የሚለው ጥያቄ ለእኔ ጥያቄም አልነበረም። ለዚህም አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነበረኝ። ግንቦት ላይ የሒሳብ ክፍሏን እህታችንን ቪትዝ መስታወት ቀይሬላት ነበር። ወጪ እንዳይበዛባት ብዬ ነው። ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታመላልስባት መኪና ናት። ውሃ አልገባም፣ ምንም አላለም። አመስግናኝ ነበር።

ኮሮላዋንም እንደዚያው ሠራኋት። ቪትዟም ኮሮላዋም እንደ ቮልስ ጎማ የላቸውም። መስታወቱ በቀጥታ ከቆርቆሮው ጋር በጥቁር ማጣበቂያ ተጣብቋል። እኔ ያ ጥቁር ነገር ውሃ ለመከልከል የተደረገ መሰለኝ። ስህተቴ የጀመረው እዚያ ነው። በካተር ፈለፈልኩት። ቆርቆሮው ላይ ቀለሙ ሁለት ሦስት ቦታ ተጫረ፤ አለፍኩት። ለአሉሚኒየም መስኮት የምንጠቀምበትን ሲሊኮን ዙሪያውን ቀባሁ። አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ማለቴ ነው። መስታወቱን አስቀመጥኩ። በማግስቱ በጎማ ቱቦ ውሃ ለቀቅኩበት። ጠብታ አልገባም። አለቀ አልኩ።

የፈተንኩት ውሃ ማስገባት አለማስገባቱን ነበር። መስታወቱን መያዝ አለመያዙን አልፈተንኩም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በዚያችው መኪና ወደ አዳማ ወረድን። እኔ ነኝ የምነዳው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋቢና ከጎኔ ተቀምጧል። ፈጣን መንገዱ ላይ ገብተን ፍጥነት ስንጨምር ፉጨት ጀመረ። መጀመሪያ የበሩ መስኮት በደንብ ያልተዘጋ መሰለን። ዘጋው፤ ፉጨቱ ግን አልቆመም። ትንሽ ቆይቶ ባልደረባዬ ጣቱን ወደ ላይኛው ጥግ ቀሰረ። «ይሄ ነገር ይንቀሳቀሳል እንዴ?» አለኝ።

አየሁት። የመስታወቱ ጠርዝ ትንፋሽ እንደሚስብ ነገር ከፍ ዝቅ ይል ነበር። በጣም ትንሽ ነው፤ ከክብሪት እንጨት ውፍረት አይበልጥም። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ። አዳማ እስክንገባ የቀኝ መስመራችንን ይዘን በዝግታ ሄድን። ሁለታችንም አላወራንም።

አዳማ ላይ አንድ የመኪና መስታወት ገጣሚ ጠቆሙን። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ሠራተኞቻቸው ጋሼ ይሏቸዋል። መኪናዋን ዞረው አዩና ጠየቁኝ።

«ማነው የገጠመው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«በምን?»

«በሲሊኮን።»

አልተቆጡም። «ከውጭ ቁምና ደግፈው፣ ልጄ» አሉኝ። ወደ ውስጥ ገብተው ጋቢና ተቀመጡ። ሁለት መዳፋቸውን መስታወቱ ጥግ ላይ አሳርፈው ገፉት። መዶሻም ሽቦም አልያዙም። ፕላስተር ከቆዳ ላይ ሲላጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። የመስታወቱ ግማሽ እጄ ላይ መጣ።

ያቺን ቅጽበት አልረሳትም። ክብደቱ ሲመጣብኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሲሊኮኑ ከመስታወቱ ላይ እንደ ነጭ ሪባን ተላጦ ተንጠለጠለ። ሥሩ ላይ፣ በካተር የጫርኩት ቦታ፣ ቆርቆሮው ብርቱካናማ ዝገት ጀምሯል። ያ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ያወጣል። ያልተቀባ ብረት ካገኘ ይበላዋል።

ጋሼ ጋቢናው ፊት ለፊት ኤርባግ የሚል የተጻፈበትን ቦታ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት ያለበትን፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ይህ ሲፈነዳ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። መስታወቱን ተደግፎ ነው ወደ ሰውዬው የሚመጣው። መስታወቱ ካልያዘ እሱም ተከትሎት ይሄዳል» አሉ። ቀጥለው ጣሪያውን ነኩ። መኪና ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ከሚያግዙት ነገሮች አንዱ የተጣበቀው የፊት መስታወት መሆኑን ነገሩን። ባልደረባዬ የተቀመጠበትን ወንበር እያየ ዝም አለ። እኔም ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ለካ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በጎማ የሚያዝ መስታወት እንደ መስኮት ነው፤ በማጣበቂያ የተያዘው ግን የመኪናዋ አካል ነው። መሥሪያ ቤታችን ያለችው ላንድክሩዘር 70 መስታወቷ በጎማ የተያዘ ነው። እሷን ዛሬም ረዳት ካገኘሁ በሲባጎና በሳሙና ውሃ ራሴ እቀይራለሁ። አንድ ሰው «መስታወት ራሴ ልቀይር?» ብሎ ቢጠይቀኝ ስለ እጁ ሙያ አልጠይቀውም። መጀመሪያ ጠርዙን አይቶ በምን እንደተያዘ እንዲነግረኝ ነው የምጠይቀው። በማጣበቂያ ከሆነ አታድርገው እለዋለሁ። የሚያድነው ገንዘብ ከጎኑ የሚቀመጠውን ሰው አያክልም።

ጋሼና አንድ ወጣት ሠራተኛቸው ቀኑን ሙሉ በዚያች መኪና ላይ ዋሉ። አብዛኛው ጊዜ የሄደው የእኔን ሲሊኮን በማጽዳት ነው። የመኪና መስታወት የሚጣበቅበት ዩሬቴን የሚባል ነገር ነው፤ ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ አይዝም። ስለዚህ እያንዳንዷን ጣት የምታክል ቦታ መፋቅ ነበረባቸው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። ብረቱን ፕራይመር፣ ማለትም ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባውን ቅብ፣ ቀቡት። መስታወቱ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ክፈፍም አጽድተው ቀቡ። ከዚያ በኋላ ማንም በባዶ እጁ እንዲነካው አልፈቀዱም። የእጅ ወዝ ማጣበቂያውን ያለያያል አሉ።

ዩሬቴኑን ሲያወጡት ቆሜ አየሁ። የቱቦው አፍ በቪ ቅርጽ ተቆርጧል። የሚወጣው ማጣበቂያ እንደ ጣሪያ ሾጠጥ ያለ ነው። አንድም ቦታ ሳይቋረጥ ዙሪያውን ሄደው መነሻው ላይ ገጠሙት። ለሁለት ሆነው በጎማ መምጠጫ መስታወቱን አንስተው አንዴ አስቀመጡት። ወደ ግራ ወደ ቀኝ መግፋት የለም። በፕላስተር ያዙት። የኋላውን መስኮት ትንሽ ዝቅ አደረጉ፤ በር ሲዘጋ የታፈነው አየር መስታወቱን ወደ ውጭ እንዳይገፋው ነው።

«መቼ እንነሳ?» አልኳቸው።

የቱቦውን ጽሑፍ አሳዩኝ። ማጣበቂያው ከአየር እርጥበት እየሳበ ነው የሚጠነክረው። እንደ ዓይነቱና እንደ አየሩ ይለያያል። «ዛሬ አትነሱም» አሉ። እሳቸው ካሉ አለቀ። አዳማ አደርን።

አልጋ ከያዝን በኋላ ወደ ውጭ ወጣሁ። ዝናብ ጀምሮ ነበር። ስልኬን አወጣሁና የሒሳብ ክፍሏን እህታችንን ደወልኩላት። ልጆቿን ራት እያበላች ነበር፤ ድምፃቸው ይሰማል።

«እህቴ፣ ነገ ቪትዟን አታስነሻት» አልኳት።

«ምነው፣ ምን ሆነች?»

«እሷ ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ አሳስቼ የገጠምኩልሽ። ልጆቹን ነገ በታክሲ ውሰጃቸው። ከአዳማ እንደተመለስኩ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ በወጪዬ አሠራልሻለሁ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ዛሬ ከሰዓት እኮ ቀለበት መንገድ ላይ ነበርን» አለችኝ።