የአሰብን የድሮ መኪና መንገድ ከባቲ ቁልቁል ለመመዝገብ፦ ማንም ያልነገረኝ የደብዳቤ ጣጣ

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ በአፋር በረሃ የቀረውን የድሮ የአሰብ መንገድ ፍርስራሽ ለመመዝገብ የሚወጣን ሰው ሥራውን የሚያከሽፍበት ሙቀቱ ወይም እሾሁ አይደለም፤ ደብዳቤው ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ ቀላሉን ቶሎ ቶሎ አልፌ ደብዳቤው ላይ እቆያለሁ።

መንገዱ በወረቀት ላይ ከወረራው ይቀድማል። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም ኢትዮጵያና ጣሊያን የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ፣ ኢትዮጵያ አሰብ ላይ ነፃ ቀጣና እንድታገኝ፣ ከአሰብ እስከ ደሴም የመኪና መንገድ እንዲሠራ አብረው ተስማምተው ነበር። በውሉ መሠረት ሳይሠራ ቀረ። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም ደሴ ከተያዘች በኋላ ወራሪው ለራሱ ጦርና ስንቅ ማመላለሻ ሠራው፦ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ቡሬ፣ አሰብ። ከዚያ በኋላ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ደጋግሞ አደሰው፤ እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም ጦርነት ድረስም የአገሪቱ ዋና የወደብ መስመር ሆኖ ቆየ። ስለዚህ በረሃው ላይ የምታገኙት የሦስት ዘመን ሥራ የተደራረበበት ነው፤ ከታች የጣሊያን ግንብ፣ ቀጥሎ የአውራ ጎዳና ኮንክሪት፣ ከላይ የአሁኑ አስፋልት። አካባቢው አሮጌውን ሁሉ «የጣሊያን ነው» ይላችኋል። ሰምታችሁ ብቻ አትመዝግቡ።

ፍለጋው ከቤት ይጀመራል። ከኮምቦልቻ ሚሌ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲሱ አስፋልት አብዛኛውን የተኛው በድሮው ላይ ስለሆነ መንገዱን ሁሉ መፈተሽ ድካም ብቻ ነው። ፍርስራሽ የተረፈው አዲሱ መንገድ የድሮውን ጥምዝ ቆርጦ ቀጥ ያለበት ቦታ ነው። በሳተላይት ምስል ላይ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ግማሽ ክብ ሠርቶ የሚመለስ ደብዛዛ መስመር ፈልጉ። መስመሩ ደረቅ ወንዝ የሚያቋርጥበትን ነጥብ ያዙ፤ ሌላውን ተዉት። ሜዳው ላይ የነበረው የድንጋይ ንጣፍ ወይ በደለል ተቀብሯል ወይ ለቤትና ለበረት ተለቅሟል፤ ወንዙ ዳር ግን ግንቡ ቆሟል። የድሮ መንገድ የሚፈለገው ውሃ ውሃውን ተከትሎ ነው፤ እኔ ያገኘሁት ረብ ያለው ነገር ሁሉ የተገኘው እንዲህ ነው።

የድሮ ካርታ የምትጠቀሙ ከሆነ ከጥጉ ያለውን ማብራሪያ አንብቡ። «አዲንዳን» (የድሮ ካርታዎች የተሠሩበት የኮኦርዲኔት መነሻ) የሚል ከሆነ ቁጥሩን ሳትቀይሩ በስልክ ጂፒኤስ ላይ ብትጭኑት ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ቁጥቋጦ በሞላበት ደረቅ ወንዝ ውስጥ 100 ሜትር ማለት ካልቨርቱን፣ ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈውን ግንብ፣ ሳያዩ ማለፍ ማለት ነው።

መኪናውን በአጭሩ፦ ነዳጅ ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ። ስኮርታ ጎማ ሁለት ይሁን፤ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ የወረረው አካባቢ እሾሁ ጎማ ይበሳል፣ ጎሚስታ የሚገኘው ደግሞ ከተማ ላይ ብቻ ነው። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚገባ ወፍራም ጣውላ ያዙ። አሸዋ ላይ የጎማውን አየር እስከ 20 ፒኤስአይ አውርዱ፤ አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ የምትነፉበት መንፊያ ከሌላችሁ ግን አታውርዱ። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 8 ሊትር ለመጠጥ ብቻ፣ ከዚያ ውጭ ለነፍስ ወከፍ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መጠባበቂያ። ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በሐምሌና በነሐሴ አትሂዱ፤ የሚሌ ወንዝ ከወሎ ደጋ ስለሚወርድ፣ እላይ ሲዘንብ እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደረቁ አሸዋ በደቂቃዎች ጎርፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ደብዳቤው።

የተለመደው መመሪያ ከላይ ወደ ታች ውረዱ ይላል። ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ ይወጣል፣ ወደ ክልል፣ ወደ ዞን፣ ወደ ወረዳ በግልባጭ ይወርዳል፣ ከዚያ ሥራ ይጀመራል። እኔ የተሰጠኝ ደብዳቤ ባለ አንድ አንቀጽ ነበር፦ «ታሪካዊውን የመኪና መንገድ ለማጥናት ስለሚንቀሳቀሱ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው።» ከማመልከቻዬ ጋር የካልቨርቶቹንና የድልድዮቹን ዝርዝር፣ የካሜራውንና የጂፒኤሱን ዓይነት አያይዤ ነበር። ዝርዝሩ እንዲካተት ስጠይቅ መልሱ «ትብብር የሚለው ሁሉንም ያቅፋል» ሆነ። አያቅፍም።

ኬላ ላይ የነበረው ጠባቂ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበና ሦስት ነገር ጠየቀ። ደብዳቤው መንገድ ይላል፣ ድልድይ ፎቶ አንሱ የሚለው የት ነው? ካሜራና ጂፒኤስ የተፈቀደው በየትኛው መስመር ነው? ከመቼ እስከ መቼ ነው የሚሠራው? ሦስቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። ድልድይ የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ያ ሰው የቆመበት ሥራ እሱ ነው። በእሱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ዝርዝሩ ከፊቱ ተዘርግቶለት፣ ሁለት መስመር መጨመር ያልፈለገው ኃላፊ ላይ ነው። በደብዳቤው ግርጌ የተጻፈው ስልክ የቢሮ መደበኛ ስልክ ነበር። ተደወለ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። መኪናው ከኬላው ተመለሰ።

ለማስተካከል መመለስ ራሱ ሌላ ዓለም ነው። መዝገብ ቤት፣ ደብዳቤው ወጪ ስለሆነ ፋይሉ ተዘግቷል፣ አዲስ ማመልከቻ በአዲስ ቁጥር ይግባ ይላል። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ሲመጣ ቲተሩ አለ፣ ማኅተሙን የያዘችው ሠራተኛ የለችም። በዚህ መሃል መንገዱ ላይ ያለው ቀዝቃዛ ወቅት ያልፋል፤ ቀኑን የሚጨርሰው ወረቀት ከጎርፍ ያልተናነሰ ያስቆጨኛል፣ ምክንያቱም አንድ ክረምት ባለፈ ቁጥር ሳይለካ የሚወድቅ ግንብ አለ።

ሌላም አለ። ባቲ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ውስጥ ናት፤ ከእሷ ቁልቁል ትንሽ እንደተወረደ አፋር ክልል ይጀምራል። ለአንዱ ክልል የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ኬላ ወረቀት ብቻ ነው። «ግልባጭ ተደርጓል» ሲሏችሁ አትመኑ፤ ግልባጩን በእጃችሁ ይዛችሁ ራሳችሁ አድርሱና የደረሰበትን የገቢ ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ኬላ ላይ የሚሠራው ያ ቁጥር ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከመመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ከታች ጀምሩ። መጀመሪያ ባቲ በሰኞ ገበያ ቀን ውረዱ። ከአፋር የሚወጡ ሽማግሌዎች እዚያ ይገኛሉ፤ የትኛው ግንብ በየትኛው ጎሳ መሬት ላይ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከጎሳው ሽማግሌ ጋር ተቀምጣችሁ ምን እንደምትለኩ፣ ምን እንደማትነኩ ንገሯቸው። አፋር ዳጉ አለው፤ መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። የነገራችሁት እናንተ ሳትደርሱ ይደርሳል፣ ስለዚህ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ተናገሩ። መሪ የሚሆነውን ሰው ሽማግሌው ይምረጡት፤ የቀን ክፍያውንም ከመነሳታችሁ በፊት በእሳቸው ፊት ተነጋገሩ። ቀጥሎ ቀበሌ፣ ቀጥሎ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ወረዳው «እናውቃቸዋለን» ብሎ ከጻፈ የላዩ ደብዳቤ በቀላሉ ይወጣል።

ደብዳቤውን ራሳችሁ አርቅቃችሁ ውሰዱ። ከ … እስከ … የሚል ቀን፣ የሚነሳ የሞባይል ቁጥር፣ የመኪናው ሰሌዳና የሁሉም ሰው ስም ይኑርበት። አባሪ ሰንጠረዥ ይያያዝ፤ የእያንዳንዱ ድልድይና ካልቨርት ተራ ቁጥር፣ ከባቲ ያለው ርቀት፣ ኮኦርዲኔቱ፣ የሚደረገው ሥራ፦ «ፎቶ፣ በሜትር ልኬት፤ ቁፋሮ የለም፣ ናሙና አይወሰድም።» ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቁፋሮን ያለ ፈቃድ ስለሚከለክል፣ ይህ መስመር ብዙ ጥያቄ ይዘጋል። ማኅተም በአባሪው ገጽ ሁሉ ላይ ይረፍ። አባሪው ላይ ማኅተም ካልኖረ «ይህን ራስህ ጻፍከው» ይባላል።

ልኬቱ ከዚህ በኋላ ደስ የሚል ሥራ ነው። ከባቲ በታች በአንድ ደረቅ ወንዝ ላይ የቆመ የድንጋይ ቅስት ካልቨርት አለ። ፊቱ በጥሩ ሁኔታ የተጠረበ ጥቁር ባዛልት ነው፤ ውስጡ እንደነገሩ የተደረደረ ድፍን ድንጋይ። የላይኛው አፉ፣ ውሃው የሚገባበት፣ ጤነኛ ነው። በታችኛው በኩል ግን የወለሉ ንጣፍ ተጠርጎ ሄዷል፤ መሠረቱ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የግራው ክንፍ ግንብ ከፊት ግንቡ ተላቆ አራት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከፍቷል። በረሃው ውስጥ የቆሙት ሁሉ የሚሞቱት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ወለሉ፣ ቀጥሎ ክንፉ፣ በመጨረሻ ቅስቱ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከመንገዱ ላይ ቆሞ ቅስቱን ፎቶ ሲያነሳ፣ እናንተ ወደ ታች ውረዱና ወለሉን እዩ። ስንጥቁን በሦስት ቦታ ለኩ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ከላይ ከሰፋ ግንቡ ወደ ውጭ እየተጋደመ ነው፤ እኩል ከሆነ ተንሸራቷል ማለት ነው። ወደ ካልቨርቱ ውስጥ ግን አትግቡ፤ እባብ ይጠለልበታል፣ ንብም ይሰፍርበታል።

ዘመኑን ለመለየት ተሰብሮ ፌሮው የወጣ ኮንክሪት ካገኛችሁ ፌሮውን እዩ። ጎርባጣ ከሆነ የጣሊያን ጊዜ ሥራ መሆኑ ያጠራጥራል፤ ለስላሳ ከሆነ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ድንጋዩን ያያያዘው ሞርታር ኖራ ነው ሲሚንቶ ብሎ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግን የሚመክሩ አሉ፤ አሮጌ ሲሚንቶም ስለሚፈላ ምንም አይለይም፣ ግንቡን ማቆሸሽ ብቻ ነው። በድልድይ ራስ ላይ የሮማ ቁጥር የተቀረጸበት ድንጋይ ከተገኘ የፋሺስቱ ዘመን አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ላይ 1914 ደምሩ፤ የሚገኘው ያ ዓመት በጥቅምት 18 ገደማ የጀመረበት የኢትዮጵያ ዓ.ም ነው። 15 ከሆነ ከጥቅምት 1929 እስከ ጥቅምት 1930፣ 17 ከሆነ ከጥቅምት 1931 እስከ ጥቅምት 1932።

የጨርቅ ሜትር ስለሚሳሳብ ባለ 30 ሜትር የፋይበር ሜትር ያዙ። ስልኩ ፀሐይ ላይ ግሎ እንዳይጠፋ ጥላ ሥር አኑሩት፤ ፎቶውን ጠዋት ከ12:30 እስከ 2:30 አንሱ፣ ጥላው ረዥም ሲሆን የተቀበረው የመንገድ ጠርዝ ይወጣል። የምዝገባ ቅጾች ለአንድ ቅርስ አንድ ነጥብ ይጠይቃሉ። መንገድ ነጥብ አይደለም። ለእያንዳንዱ የተቆረጠ ጥምዝ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነጥብ፣ በመሃል ያሉትን ግንቦች ሁሉ ለየብቻ መዝግቡና ቅጹን ለየአንዳንዱ አባዙ፤ የተቀባዩ ፊት ቢጠቁርም አትቀንሱ።

ከኤሊዳር ወዲያ ወደ ቡሬ አቅጣጫ ከአስፋልት አትውረዱ። የጦርነት መሬት ነበር፤ ከመሬት ያልወጣ ፈንጂ ሊኖር ይችላል፣ የተቀበረ ብረትም አታንሱ። የዚያን ክፍል በሳተላይት ብቻ ሥሩት።

የሠራችሁትን አንዱን ቅጂ ለቀበሌው፣ አንዱን ለወረዳው በገቢ ቁጥር አስረክቡ። ከዚያ በጥቅምት፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ያንኑ ስንጥቅ በዚያው ሦስት ቦታ ደግማችሁ ለኩ። በሚሊ ሜትር የሚገኘው ልዩነት የትኛው ግንብ ቅድሚያ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ቅርጫት) እንደሚያስፈልገው የሚያሳይ ስለሆነ፣ የጥገና ጥያቄውን ከዚያ ሰንጠረዥ ጋር አያይዛችሁ አስገቡ።