ድክ ድክ የሚል ልጅ ይዞ መብረር

በስደት የወለደ ሰው ይህ ጉዞ አይቀርለትም። አያት የልጅ ልጃቸውን በስልክ ቪዲዮ ብቻ ነው የሚያውቁት። «መቼ ነው የምታመጡልኝ?» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። እኛም ትኬት ፍለጋ ገባን።

ቀን ስትመርጡ የልጁን ልደት አስቡ። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ከሆነ፣ በዓለም አቀፍ በረራ ብዙውን ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ተከፍሎለት ጭን ላይ ይሄዳል። 2 ዓመት ሲሞላው የራሱ ወንበር ግድ ነው። ልደቱ እዚያው እያላችሁ ከዋለ ደግሞ ለመመለሻው ወንበር ይገዛለታል። አቅሙ ካለ ግን ቀድሞም ቢገዛለት ባይ ነኝ። መራመድ የጀመረ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ጭን ላይ ይዞ ማደር ቀልድ አይደለም። ከፊት ግድግዳው ላይ የሚገጠመው አልጋም ለጨቅላ ነው። የኛው ዓይነቱ ተነስቶ ይቆምና ከኋላ ያለውን ሰው ሁሉ ሰላም ይላል።

አንድ ወላጅ ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሌላኛውን ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ። የሚጠይቁ አገሮች አሉ።

«ትንሽ የጉንፋን ሽሮፕ ስጪው፣ ለጥ ብሎ ይተኛል» ያሉኝ ወዳጆች ብዙ ናቸው። ሐኪሞች ግን ይህን አይመክሩም። እንቅልፍ ያመጣል የሚባለው የአለርጂ ሽሮፕ አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል። ሰማይ ላይ ይህን ዕዳ ማን ይፈልጋል!

ትልቁ ሻንጣ መቼም የዘመድ ነው፤ እሱን ተዉት። ቁም ነገሩ እግር ሥር የምትገባው ቦርሳ ናት። አንድ ዳይፐር፣ ጥቂት ዋይፕስና አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ በዚፕ በሚዘጋ ላስቲክ አንድ ላይ አሽጉ። እንዲህ ያለ እሽግ ደጋግማችሁ አዘጋጁ። ጊዜው ሲደርስ አንዱን መዘዝ አድርጎ መነሳት ነው። የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት ቦርሳ ይዞ መዞሪያ የለውም። የመቀየሪያዋ ጠረጴዛም ድክ ድክ ለሚል ልጅ አትበቃም። እንደ ሱሪ የሚጠለቀው ዳይፐር እዚህ ላይ ነው የሚያዋጣው። ልጁ የመቀመጫው ክዳን ላይ ይቆማል፣ ትከሻችሁን ይይዛል፣ ወዲያው ይጠናቀቃል። የቆሸሸው ልብስ ወደዚያው ላስቲክ ይገባል። ለራሳችሁም አንድ ቲሸርት ጨምሩ፤ ልጅ ሲያስመልሰው ራሱ ላይ ብቻ አያስመልስም።

ፍተሻ ላይ የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ የሕፃን ወተትንና መድኃኒትን አብዛኛው ቦታ አይመለከትም። ለጉዞው የሚበቃውን ያዙ፤ ሳትጠየቁ አውጥታችሁ አሳዩ። ጋሪውን ብዙ አየር መንገዶች እስከ መሳፈሪያው በር ድረስ ያስገፋሉ።

«ሕፃናት የያዛችሁ ቅደሙ» ሲባል አትቸኩሉ። ሁለት ከሆናችሁ አንዳችሁ ዕቃውን ይዛችሁ ግቡ። ሌላው ልጁን እያሯሯጠ የመጨረሻውን ጥሪ ይጠብቅ። በቀበቶ ታስሮ የሚቀመጥበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር ለሁሉም ይሻላል።

ጆሮውን የሚያመው ሲነሳ ሳይሆን በአብዛኛው ሲወርድ ነው። ግፊቱ እየጨመረ ሲመጣ፣ ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ካልተከፈተች ያስጨንቀዋል። የሚከፍታት መዋጥ ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ዝቅ ማለት ይጀምራል። ጡጦውን እስከዚያ ደብቁት። አልጠጣም ብሎ ቢያለቅስም ብዙ አትጨነቁ፤ ለቅሶውም ጆሮውን ይከፍትለታል።