ሻኛ የሌላት ማድሌን

ፓሪስ ውስጥ አንድ ኬክ ቤት ተለማማጅ ነበርኩ። ስሙን አልጠራም። ማድሌን የምትባለዋን ትንሽ የፈረንሳይ ኬክ ጠዋት ጠዋት መጋገር የኔ ሥራ ነበር።

ማድሌን ለወሬ ቀላል ናት። እንቁላል፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ የሎሚ ልጣጭ። ቅቤው ቡናማ እስኪሆን ይቀልጣል። ቅቤ ሲነጠር እያየ ላደገ ሰው ይሄ ሥራ አይባልም። ሊጡ ፍሪጅ ያድርና ጠዋት ዛጎል ዛጎል ቅርጽ ባለው ትሪ ይገባል። ጣጣው ጀርባዋ ላይ ነው። በአንድ በኩል ዛጎል ከሆነች፣ በሌላው በኩል ጉብ ማለት አለባት። እነሱ «ቦስ» ይሉታል። እኔ ሻኛ ነው የምለው።

የኔዎቹ ሻኛ አልነበራቸውም።

ሼፉ አንዷን አንስቶ ገለበጣት። ሎሬን የሚባለው የፈረንሳይ ክፍል ሰው ነው፤ የማድሌን አገር የምትባለው የኮሜርሲ ከተማ ያለችው እዚያው ሎሬን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ታሪክ። በ1755 ማድሌን የምትባል ሠራተኛ ሎሬንን ይገዛ ለነበረው ንጉሥ ስታኒስላስ ጋገረችለት የሚባለውን፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ነገረኝ። ከዚያ፦

«ይሄ ብስኩት ነው። ሊጡን አላሳደርሽውም።»

«አሳድሬዋለሁ ሼፍ።»

«እንግዲያው እጅሽ ነው።»

እጅሽ ነው! እናቴ እኮ ሰፈሩ ሁሉ «እጅ አላት» የሚላት ሴት ናት። ሌላ ነገር ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ባቡር ውስጥ እጄን ሳይ አመሸሁ።

በእረፍት ቀኔ ቤቴ ሞከርኩት። ያው ሊጥ፣ አንድ የብረት ትሪ፣ 12 ፍሬ። በ40 ዩሮ ከሰው የገዛኋት ሚጢጢ ኦቨን አለችኝ። 220 ላይ በደንብ አጋልኳት፤ ከዚያ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ በመስታወቱ ማየት። ዳር ዳሩ ቶሎ ያዘ። መሃሉ ገና ፈሳሽ ስለሆነ መሄጃ አጣና ወደ ላይ ገፋ። በአምስተኛው ደቂቃ ወደ 180 ቀነስኩት። አሥራ ሁለቱም ባለ ሻኛ!

ያኔ ገባኝ። ሥራ ቦታ ጊዜ ለመቆጠብ ስድስት ቀዝቃዛ ትሪ ባንዴ ነው የሚገባው። ትእዛዙ የራሱ የሼፉ ነው። በሩ ተበርግዶ ያ ሁሉ ትሪ እስኪገባ ምን ሙቀት ይቀራል?

በማግስቱ በፕላስቲክ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። አንዷን ገለበጠ። በላት። ሁለተኛ አነሳ።

«የት ገዛሻቸው?»

«ቤቴ ጋግሬያቸው ነው።»

ዝም አለ።

«በምን ኦቨን?»

«በ40 ዩሮ ኦቨን።»

ሦስተኛዋን ይዞ ሄደ። ስለ እጄ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሁለት ሁለት ትሪ ብናስገባስ ስለው «ጊዜ የለንም» አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ልጅ ተቀጠረ። ትሪ እያጠብኩ እሰማለሁ። «ሁለት ሁለት ትሪ ብቻ! እኔ ሁሌም የምለው ይሄንን ነው!»

«አዎ ሼፍ» አልኩ። ማንም የጠየቀኝ የለም።

ማታ የሻኛዎቹን ፎቶ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ውይ የኔ ልጅ፣ መሃሉ ምነው እንዲህ አበጠብሽ? እሳቱን ቀነስ አርጊው እንጂ።»